እኔን እሰሩኝ እንጂ እሱን አላስርም

አያ እንድሪስ መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ልጁ ፋጡማ ከከሚሴ ደውላ፣ «ጋሼ ታደሰ፣ አባዬ ትናንት ወደ አኼራ ሄደ፤ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ቀበርነው» አለችኝ። ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም ልል አፌን ከፈትሁና ተውሁት። እነሱ ሬሳ አያሳድሩም፤ እኔም ደሴ ሆኜ በምን ልደርስ? ራሷ ቀጠለች። ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ሆስፒታል ውስጥ በባለጎማ ወንበር ሊወስዱት ሲሉ፣ «የቀኙ ጎማ ላልቷል፤ ሳይጠብቅ አልቀመጥበትም» ብሎ ነርሷን አስለቀሳት አለችኝ። ነርሷ ጎንበስ ብላ ብታየው እውነትም ላልቷል። እኔ ሳቅሁ። ፋጡማም እያለቀሰች ሳቀች።

በደርግ ጊዜ ከሚሴ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርሁ። የምነዳው ከአብዮቱ በፊት የተገዛ፣ ቀለሙ የለቀቀ አሮጌ ላንድሮቨር ነው። አያ እንድሪስ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ መካኒክ ነበር። «አያ» የምለው በዕድሜ ታላቄ ስለሆነ ነው፤ እኔ ሃያ ሰባት፣ እሱ አርባ አምስት ቢሆነው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከመኪና ሥር ብዙ ከመጎንበሱ የተነሳ ቆሞም የሚጎነብስ ሰው ነበር። በጨፋ ቆላ ሙቀት ቱታ አይመቸኝም ብሎ ከወገቡ በታች ሽርጥ ያሸርጣል፤ ከላይ ግን የቱታውን ግማሽ ይለብሳል። ሲያስረዳ በአማርኛ፣ ሲቆጣ በኦሮምኛ፣ ሲደነግጥ በዐረብኛ ይናገር ነበር። በሦስቱም ለማንም ሰው «እርስዎ» ሲል አልሰማሁትም። ገበሬውንም፣ ቃዲውንም፣ አስተዳዳሪውንም «አንተ» ነው የሚለው። ማንም ደግሞ ተቀይሞት አያውቅም፤ ቢያንስ ጓድ ዳምጠው እስኪመጣ ድረስ።

አንድ አመል ነበረው። የማይስማማበት ነገር ሲመጣበት ወዲያው አይመልስም። መጀመሪያ ጨርቅ ያነሳና እጁን ይጠርጋል። በጥድፊያ አይደለም፤ ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር። እጁን መጥረግ ከጀመረ ነገሩ እንዳለቀለት ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ቀና ይልና «ለኪ» ይላል፤ አይሆንም ማለቱ ነው።

«መኪና ሰው አይገድልም» ይለኝ ነበር። «ሰውን የሚገድለው ‹ለዛሬ ይሁን› ነው። ለዛሬ ይሁን ያለ ሰው፣ ወላሂ፣ ነገን አርዶታል።»

ይህን የሚለው ከባዶ ሜዳ ተነስቶ አይደለም። አንድ ቀን ቦርከና ወንዝ ዳር መኪናውን ስናጥብ ሳልጠይቀው አወራኝ። ወጣት ሳለ በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የአንድ ገልባጭ መኪና የጎማ ብሎኖች ተሰብረው አለቃው «በይዳቸውና ይውጣ» አለው። ብየዳ ያንን ሸክም እንደማይችል ያውቃል። ግን ያዘዘው አለቃ ነው፤ በየዳቸው። በሦስተኛው ቀን ጨፋ ሮቢት አጠገብ ጎማው ወለቀና ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት መታ። ሴትዮዋ እዚያው ሞተች። ስሟን ሊነግረኝ አልፈለገም። በየዓመቱ ለአረፋ ከሚያርደው በግ ግማሹን ለልጆቿ እንደሚልክ የሰማሁትም በኋላ፣ ከሚስቱ ከእቴ ዘይነባ ነው።

«ታዝዤ ነው ብዬ ለአላህ ብነግረው፣» አለኝ ውሃውን እያየ፣ «‹እጁ የማን ነበር?› ብሎ ይጠይቀኛል። ምን ልመልስ ነው?»

እኔ ጎማውን ማጠቤን ቀጠልሁ።

የላንድሮቨሩ ችግር ቸርኬው፣ ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት ነበር። ከተጠባባቂው ጋር አምስቱም ቸርኬዎች ብሎን በሚገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ተሰነጣጥቀው፣ ተበይደው፣ እንደገና ተሰነጣጥቀው አልቀዋል። አዲስ ቸርኬ ከእንግሊዝ አገር የሚያመጣ የለም። በዚያ ላይ አያ እንድሪስ ሁለቱን በመዶሻ ቀጥቅጦ ጥሏቸዋል፤ ማንም መልሶ እንዳያስራቸው ብሎ። መኪናው በእንጨት ጉማጅ ላይ ቆሞ ሳለ ባቲ በኩል የከብት በሽታ ገባ የሚል ወሬ መጣ። የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን ለሰኞው ገበያ ሲያወጣው በሽታው ወደ ደጋው ሁሉ ይዛመታል ተብሎ ተፈራ። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ከሚሴ ደረሰ። በረዶው የሚቆየው ሦስት ቀን ነው። ሌሎቹ መኪኖች ለሌላ ዘመቻ ሄደዋል።

የክትባት ዘመቻው ኃላፊ ጓድ ዳምጠው ይባላል። በዕድሜ ከእኔ የማይበልጥ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ፣ ከበላይ በየቀኑ በስልክ የሚጮኽበት ወጣት ነው። ከተገለበጠ የሩሲያ ዋዝ መኪና አምስት ደህና ጎማ ከነቸርኬው አስመጣ። የሩሲያው ቸርኬ ግን የላንድሮቨሩ ብሎኖች ላይ አይገባም። እንደ እኛው ባለ አምስት ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ግን ተቀራርበዋል። ስለዚህ ብረት በሚቆርጥ አንድ ቶርኖ ቤት አራት ማገናኛ አሠርቶ አመጣ። በወረቀቱ ላይ «የጎማ አዳፕተር» ይላል፤ እኛ «ሳህን» አልነው።

ሳህኑ ክብ ብረት ነው። በአምስት ዳዶ ከመኪናው ላይ ይታሰራል። በራሱ ላይ ደግሞ ሌሎች አምስት ብሎኖች አሉት፤ የዋዙ ጎማ በእነሱ ላይ ይታሰራል። እኔ ሳየው ደስ አለኝ። መኪናዬ ሊነሳ ነው።

አያ እንድሪስ አንዱን አነሳና አገላበጠው። መሀሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ጣቱን አዞረ።

«ይሄ ቅልጥ ብረት ነው» አለኝ። «ከአሮጌ ወፍጮ መዘውር ያቀለጡት ነው። ቅልጥ ብረት ቆሞ ይሸከማል እንጂ መመታት አይችልም። መንገዱ ደግሞ ይመታዋል። መሀሉን እየው፤ ሰፍቷል፤ መኪናው ላይ ቁጭ አይልም። ሸክሙን ሁሉ የሚይዘው ብሎኑ ብቻ ሊሆን ነው። ጎማውንም ወደ ውጭ ገፍቶ ያወጣዋል፤ ኩሽኔታውን ይበላዋል። እሱ ሁሉ ይቅር። እነዚህ የውስጠኞቹ ዳዶዎች ጎማው ከገባ በኋላ ይታያሉ?»

«አይታዩም።»

«ሲላሉ ማን ያያቸዋል?»

«በደንብ ቢሠራስ አያ?»

«ከደህና ብረት በልኩ ተቆርጦ፣ መሀሉ ገጥሞ፣ ዳዶው በየጊዜው ጎማው እየተፈታ ከታየ ይሠራል። ሠርተውበት አይቻለሁ። ይሄ ግን እሱ አይደለም። ይሄ ምጣድ ነው።»

ከቀትር በፊት ጓድ ዳምጠው መጣ። ከእሱ ጋር ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ነበሩ፤ ክትባት የሚሰጡትም ሰዎች ሣጥናቸውን ጥላ ሥር አድርገው ይጠብቃሉ። የእነሱ አለቃ ወይዘሪት አልማዝ የምትባል ቀጠን ያለች ልጅ ነበረች።

«ጓድ እንድሪስ፣ አሁኑኑ ይታሰር። መኪናው ከቀትር በኋላ ይወጣል።»

አያ እንድሪስ ጨርቁን አነሳ። እጁን መጥረግ ጀመረ። 

«ለኪ» አለ። «አይሆንም።»

«ይህ የአብዮቱ መመሪያ ነው!»

«መመሪያው ይጻፍልኛ። ‹ጎማው ቢወልቅ ተጠያቂው እኔ ነኝ› በልና ፈርምበት። ከዚያ እናትህን አምጥተህ ከኋላ ወንበር አስቀምጣት። እኔ አስረዋለሁ።»

ጓድ ዳምጠው ፊቱ ጠቆረ። «እናቴን ከዚህ ነገር አውጣት። ከብቱ እያለቀ ነው፣ አንተ ታሾፋለህ። ይሄ አሻጥር ነው! በዚህ እንደምትታሰር ታውቃለህ?»

«እኔን እሰሩኝ እንጂ እሱን አላስርም።»

 ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት በተግሣጽ ያልፍ ነበር። አያ እንድሪስ ግን ሳህኑን አነሳና ብረት የምንቀጠቅጥበት ድንጋይ ላይ አጋደመው። ትልቁን መዶሻ ወሰደ። «ቢስሚላህ» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ መታው። ደህና ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ ይሄ እንደ እንስራ ዷ አለና ሦስት ቦታ ተከፈለ። ስባሪውን አንስቶ ለጓድ ዳምጠው ዘረጋለት። ውስጡ ግራጫ፣ ፍርክስክስ ያለ፣ እንደ አሞሌ ጨው ስባሪ ነበር።

«በዚህ ላይ ነው ይቺን ልጅ የምትጭናት?» አለው አልማዝን እያሳየ።

ጥበቃዎቹ ሊይዙት ሲጠጉ አልጠበቃቸውም። ሽርጡን አስተካክሎ ፊት ፊት እየመራ ወደ ቀበሌው ሄደ።

እውነቱን ለመናገር በእነዚያ ቀናት እኔም ተቀይሜው ነበር። ክትባቱ በረዶው ቀልጦ ተበላሸ። ጨፋ ውስጥ አንዳንድ ገበሬዎች «በእሱ ግትርነት ከብታችን ሊያልቅ ነው» ይሉ ጀመር። እቴ ዘይነባ ገበያ ስትወጣ ፊታቸውን የሚያዞሩባት ሴቶች ነበሩ። እሷ ግን ነጠላዋን አጥብቃ ቀጥ ብላ ታልፋለች። አንድ ቀን ምሳ ስታደርስለት አብሬያት ሄድሁ። በሽቦ አጥሩ በኩል አገኘነው። ራሱን ላጭተውታል።

«አካም ጅርታ፣ ታደሰ» ብሎ ደህንነቴን ጠየቀኝ፣ ጋራዥ እንደተገናኘን ሁሉ።

«ደህና ነኝ። አያ፣ ከብቱ እያለቀ ነው ይላሉ።»

 «አውቃለሁ» አለ። «እኔም ላም አለኝ። ከብት ግን ይተካል።»

ከዚያ ያልጠበቀውን ነገርሁት። የተሰበረው ሳህን በዚያው ቶርኖ ቤት፣ ከዚያው ብረት ተተክቶ መጥቷል። ከሌላ ከተማ የመጣ መካኒክ አራቱንም አስሯል። አዲስ ክትባት ደርሷል። እሑድ ጠዋት እንድነዳ ታዝዣለሁ።

አያ እንድሪስ አጥሩን ያዘ። እንቢ በል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። እንዲህ ነው ያለኝ፦ «እኔ ለራሴ እጅ ነው እንቢ ያልሁት። ያንተን እጅ አንተ ታውቃለህ። ከነዳህ ግን ሀርቡ ላይ ቁም፣ ጎማዎቹን አውልቅ፣ የውስጡን ዳዶ አጥብቅ። ኮምቦልቻም እንደዚያው አድርግ። የባቲን ቁልቁለት ከመጀመርህ በፊት ደግሞ እንደገና አውልቅ፤ ብረቱን በቤንዚን ጥረገው። ፀጉር የምታህል መስመር ካየህ ከዚያ ወዲያ አንዲት ክንድ አትሂድ።»

እሑድ ጠዋት ወጣን። ጓድ ዳምጠው ከፊት፣ አልማዝና ሁለት ባልደረቦቿ ከነሣጥኖቻቸው ከኋላ። ሀርቡ ላይ ቆሜ ክሪኩን ሳወጣ ጓድ ዳምጠው ሰዓቱን አየ። የኋላ ግራውን ሳወልቅ ሦስቱ የውስጥ ዳዶዎች ግማሽ ዙር ላልተዋል። አጠበቅሁና ሄድን። ኮምቦልቻ ላይ እንደገና ስቆም ጮኸብኝ።

«ማነው ያዘዘህ?»

«ዳዶው ነው ጓድ፤ ይላላል።»

እዚያም ላልቶ አገኘሁት። ደጋን ከተማን አልፈን መንገዱ ወደ ቆላው መውረድ ከመጀመሩ በፊት ለሦስተኛ ጊዜ ቆምሁ። የኋላ ቀኙን አወለቅሁ። ሳህኑን በቤንዚን ባራስሁት ጨርቅ ጠረግሁት። ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው የምትሄድ ቀጭን መስመር አየሁ። ቆሻሻ ናት ብዬ ደግሜ ጠረግኋት። አልለቀቀችም።

አልማዝ ከኋላዬ ጎንበስ ብላ ታይ ነበር። «ይሄ ስንጥቅ ነው?» አለችኝ።

«ነው።»

ጎማውን መልሼ አሰርሁ፤ ሜዳ ላይ ጥዬው መሄድ አልሆነልኝም። ከዚያ ቀና ብዬ ጓድ ዳምጠውን አየሁት። 

«ጓድ፣ እኔ ከዚህ ወዲያ አልነዳም። መኪና እንለምንና ክትባቱን እንጫን።»

«አንተም?» አለኝ። ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ሁሉም ሰው የከዳው መሰለው። «እሱ ነው ያስጠናህ! ከሥራህ አስወጣሃለሁ! ስማ፣ ይሄ ክትባት ዛሬ ካልደረሰ እኔ ምን እንደምሆን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። አልነዳም።»

ቁልፉን ከእጄ ነጥቆ መሪው ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ አልማዝ ባልደረቦቿን «ውረዱ፤ ሣጥኖቹንም አውርዱ» አለቻቸው። አልጮኸችም፤ ሣጥን በሣጥን አወረደች። ጓድ ዳምጠው ዞር ብሎ ባዶውን ወንበር አየ፣ ከዚያ ለብቻው ነድቶ ሄደ።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ የኋላ ቀኝ ጎማው ከመኪናው ተለይቶ ቀድሞት ሲሄድ አየን። መንገዱን ይዞ ትንሽ ተንከባለለና ዘሎ ወደ ገደሉ ገባ። መኪናው በቂጡ ተቀምጦ ብረቱን እየፈጨ ተጎተተ፤ ደግነቱ የዞረው ወደ ተራራው በኩል ነው። ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሮጠን ስንደርስ ጓድ ዳምጠው ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። የቀኝ ክንዱ ተሰብሯል።

«ከኋላ ያሉት ምን ሆኑ?» አለኝ። መውረዳቸውን ረስቶታል።

«ማንም አልነበረም ጓድ። ባዶ ነው።»

ደህና በሆነው እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። አልማዝ ክንዱን በእንጨት ደግፋ አሰረችለት። ከዚያ መንገድ መሀል ቆማ እህል የጫነ መኪና አስቆመች፤ ሣጥኖቿን ጭና ባቲ ገባች። ሰኞ ገበያው ላይ ከብቱ ተከተበ።

አያ እንድሪስ የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ይቅርታ የጠየቀው ሰው ግን የለም። ከሌላ ከተማ የመጣው መካኒክ ተመልሶ ሄዶ፣ መኪናውን የሚጠግን ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው የፈቱት። በራሱ ላይ ያቆጠቆጠ ፀጉር ይዞ ቀጥታ ወደ ጋራዡ መጣ። እኔን ሲያይ ትከሻዬን ይዞ «ማሻአላህ፣ ወንድሜ» አለኝ፤ ስለዚያ ቀን ከዚያ ሌላ አልተናገረም።

«ያለ ቸርኬ ግን ምን ልታደርግ ነው?» አልሁት።

«ቸርኬ አለ» አለ። «ጆሮ የለህም እንዴ? በየቀኑ ይጮኻል።»

ለካ በየትምህርት ቤቱ ደወል ተብሎ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ነው። አያ እንድሪስ የትኛው ትምህርት ቤት የምን መኪና ቸርኬ እንደሰቀለ ያውቅ ነበር። የዋዙን ቸርኬዎች ለምትክ በጋሪ ጭነን ጨፋን አዳረስን። አንዱ ዳይሬክተር «ደወላችንን ወስደህ በምን ልንሰበሰብ ነው?» ብሎ ተከራከረ። አያ እንድሪስ የሩሲያውን ሰቀለና በብረት መታው፤ ተማሪው ሁሉ ከክፍል ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዳይሬክተሩ «ይበቃል፣ ውሰድ!» አለ። ያገኘነውን ሁሉ ግን አላመጣነውም። አንደኛው ለዓመታት ሲደበደብ ኖሮ ቅርፁን ስቷል። አያ እንድሪስ በክር ለካውና «ይሄ እዚሁ ይጩኽ» ብሎ ተወው። አራት ደህና ቸርኬ አገኘን። ቀዳዳዎቻቸውን በላምባ አጥቦ አንድ በአንድ አያቸው። ላንድሮቨሩ በገዛ እግሩ ቆመ፤ እኔም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ነዳሁት።

ነገሩ አበቃ ስንል ስብሰባ ተጠራ። አያ እንድሪስ የመንግሥት ንብረት ሰብሯልና በሕዝብ ፊት ሂስና ግለሂስ ያድርግ ተባለ። አዳራሹ ሞልቷል። ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም ነበር። እቴ ዘይነባ ከፊት ተቀምጣለች። መድረኩ ላይ ጓድ ዳምጠው ክንዱን በነጭ ጨርቅ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። አጠገቡ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው አለ። ከላይ የመጣ ሌላ ሹም ነበር የሚመራው።

«ጓድ እንድሪስ፣» አለ ሹሙ፣ «ስህተት መሥራትህን ታምናለህ?»

እኔ ጎኑ ነበርሁ። «እባክህ አያ፣ እሺ በላቸውና እንሂድ» አልሁት በሹክሹክታ።

አያ እንድሪስ ተነሳ። መሐረቡን ከኪሱ አወጣ። በዚያ አዳራሽ መሀል እጁን ጣት በጣት ሲጠርግ እቴ ዘይነባ ዓይኗን ጨፈነች።

«አምናለሁ» አለ።

ሹሙ ፈገግ አለ። «ስህተትህን ለሕዝቡ ግለጽ።»

«ሳህኑ አራት ነበር» አለ አያ እንድሪስ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔ የሰበርሁት አንዱን ብቻ ነው። ሦስቱን ተውሁ። ሦስቱን በመተዌ የዚህ ልጅ ክንድ ተሰበረ። አራቱንም መስበር ነበረብኝ። ስህተቴ ይሄ ነው፤ ዳግም አይለመደኝም።»

 ሹሙ ወደ ጓድ ዳምጠው ዞረ፤ «ምን ትላለህ ጓድ?» አለው። አንድ ቃል ከእሱ ቢወጣ አያ እንድሪስ ወደ እስር ቤቱ እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ጓድ ዳምጠው የተንጠለጠለ ክንዱን አየ፤ ከዚያ አያ እንድሪስን አየው። ወደ ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገረውና ስብሰባው እንዲዘጋ ጠየቀ።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ጓድ እንድሪስ ስህተቱን በሕዝብ ፊት በግልጽ አምኗል፣ ስህተቱም እንዳይደገም ቃል ገብቷል ይላል። አያ እንድሪስ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ትክክል ጽፈዋል» አለና ወደ ሥራው ሄደ።